የቴሌግራም እጅና የሥራ ማመልከቻ

ባሕር ዳር ላይ ተመርቆ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ድሮ ከማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይገለብጥ ነበር። አሁን ክፍት የሥራ መደብ ሲወጣ በቴሌግራም ይደርሰዋል፤ መልሱንም በዚያው ስልክ ይጽፋል። ጣጣው ከዚያ ይመጣል።

እጁ ለጓደኛ መጻፍ ነው የለመደው። ጓደኛ ማን እንደጻፈለት ስለሚያውቅ አማርኛው በላቲን ፊደል ቢመጣ፣ አራት ነጥቡ ቢቀር፣ አንዱ ሐሳብ በአምስት መልእክት ቢቆራረጥ ቅር አይለውም። ቀጣሪ ግን አያውቀውም። «ሰላም፣ ስራው አለ?» ሲባል የትኛው ሥራ? ጠያቂው ማን ነው? ምን ተምሯል? አመልካች በበዛበት ጊዜ ይህን መልሶ የሚጠይቅ ትዕግሥተኛ አይገኝም። ወጣቶች የሚሰለቹት «ለ»፣ «ጉዳዩ»፣ «ከሰላምታ ጋር» የሚለው የደብዳቤ ሥርዓት እነዚህኑ ጥያቄዎች አስቀድሞ ይመልሳል።

ጣና ዳር ደግሞ መጻፉ ራሱ ሥራ ነው። አስጎብኚና ባለጀልባ ከእንግዳው ጋር የሚዋዋሉት አብዛኛውን ጊዜ በመልእክት ነው። አንዲት እንግዳ «ገዳማቱን ማየት እችላለሁ?» ብላ ብትጠይቅና አስጎብኚው «ችግር የለም» ቢላት፣ ዘጌ ላይ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ትሳለማለች፤ ክብራን ገብርኤል ግን ሴት አይገባበትምና ጀልባው ላይ ትቀራለች። ሁለት ዓረፍተ ነገር ቢጨምር ኖሮ እንግዳዋ አትቀየመውም ነበር።

የፊደል ነገር ብዙ አያስጨንቅም፤ የከተማዋን ስም እንኳ ባሕርም ባህርም ብለው የሚጽፉ አሉ። ይልቅ የሚያስፈራው በንዴት የተለጠፈ ጽሑፍ ነው። ቀጣሪ ስም ፈልጎ ፌስቡክ ማየቱ አይቀርም። ሕጉም አለ፦ በአዋጅ ቁጥር 1185/2012 መሠረት ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨ ሰው እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ ሊጠብቀው ይችላል።

ስልኩን ብቻ መውቀስ ግን አይገባም። በየቀኑ የሚጽፍ ልጅ አጭርና ሕያው አድርጎ መጻፍ ይለምዳል፤ የሆቴልን ወይም የሱቅን ገጽ የሚይዝ ሰው ሲፈለግ ይህ ሙያ ነው። የሚጎድለው ለማያውቀው ሰው ሲጽፍ እጁን መቀየር ነው። ማመልከቻውን ቴሌግራም ውስጥ ለራሱ ልኮ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ እንደ ባዳ ቢያነበው ክፍተቱ ይታየዋል። ፋይሉንም «ሲቪ አዲስ የመጨረሻ 2» ከማለት በስሙና በሥራ መደቡ ቢሰይመው፣ የሰው ኃይል ሠራተኛዋ ከክምሩ ውስጥ ፈልጋ ለማግኘት አትቸገርም።