ስንት ኪሎ ያነሳል?

ሐራ ከተማ ላይ የብየዳ ሥራ የሚሠሩ ወጣቶች ሰሞኑን አንድ ጥያቄ አቀረቡልኝ። ሎጎ ሐይቅ ላይ ጎብኚ የሚያንሸራሽር ባለሞተር ጀልባ ያለው ደንበኛ፣ ጀልባውን ማታ ማታ ከውኃ አንስቶ የሚያሳድርበት ማንሻ እንዲሠሩለት ጠይቋቸዋል። የነገራቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ስድስት ሜትር ናት»። እነሱም በዚሁ መነሻ ቱቦላሬ ሊገዙና ዋጋ ሊያቀርቡለት ነው። ስንት ኪሎ የሚያነሳ ይሁን? ከውጭ ተገዝቶ ቢመጣስ ይሻላል ወይ?

ሐራ ራሷ ሐይቅ የላትም። ሆኖም በመርሳና በውጫሌ አድርጎ ወደ ደሴ ለሚሄድ ሰው ሎጎ ሐይቅ መንገዱ ላይ ነው፤ የብየዳ ሙያ ያለው ወጣት ደግሞ ገበያውን ራቅ አድርጎ ቢፈልግ ደግ ነው። ጥያቄው ቀላል ቢመስልም የማንኛውንም አነስተኛ ነጋዴ ገንዘብ የሚነካ በመሆኑ ዘርዘር አድርጌ ልመልሰው።

ርዝመት ክብደትን አይነግረንም። ስድስት ሜትር የሚሆን ባዶ የአሉሚኒየም ጀልባ 300 ኪሎ ሊመዝን ይችላል። በዚያው ርዝመት ወንበርና ጣሪያ ያለው የፋይበርግላስ ጀልባ ግን 900 ኪሎ ሊያልፍ ይችላል። ማንሻው የሚሸከመው ክብደትን ስለሆነ ሜትሩ የሚጠቅመው የማንሻው አልጋ ምን ያህል ይርዘም፣ ቋሚዎቹ ምን ያህል ይራራቁ የሚለውን ለመወሰን ብቻ ነው።

ለምሳሌ ያህል እናስላው። የጀልባው አካል ብቻውን 720 ኪሎ ነው እንበል። ኋላው ላይ የሚታሰረው የ40 ፈረስ ጉልበት ሞተር 100 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ቤንዚን በሊትር 740 ግራም አካባቢ ስለሚመዝን 60 ሊትሩ 45 ኪሎ ገደማ ነው። ባትሪው 25፤ መልሕቁ፣ ገመዱ፣ መቅዘፊያው፣ የተሳፋሪዎቹ መንሳፈፊያ ጃኬትና የዕቃ ሳጥኑ ተደምረው 60። ድምሩ 950 ኪሎ ይመጣል። ሰው እንደተሳፈረ ጀልባ ማንሳት ክልክል ስለሆነ ተሳፋሪ አይታሰብም። በዚህ ላይ ለጥንቃቄ አንድ አምስተኛ ሲታከልበት 1,140 ኪሎ እናገኛለን።

ወጣቶቹ ያላሰቡት አንድ ጭነት ግን አለ። የነሐሴ ዝናብ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲያርፍ አንድ ሊትር ውኃ ማለት ነው። ክፍቱ አምስት ሜትር በሁለት ሜትር የሆነ ጀልባ ላይ በአንድ ሌሊት 40 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 400 ሊትር፣ ማለትም 400 ኪሎ ይጠራቀማል። 950 የነበረው ጀልባ 1,350 ሆኖ ያድራል፤ ለጥንቃቄ የተጨመረችው አንድ አምስተኛም ከነአካቴዋ ትበላለች። መፍትሔው ግን ማንሻውን ማግዘፍ አይደለም። ጀልባው ከውኃ ከወጣ በኋላ ከኋላ በኩል ያለውን ውታፍ መንቀል፣ አልጋውን ውኃው ወደ ቀዳዳው እንዲወርድ በጥቂቱ ወደ ኋላ ማዘንበልና ሸራ ማልበስ ነው። የሸራ ዋጋና የብረት ዋጋ አይገናኙም።

ከውጭ የሚመጣውን ለመግዛት ለሚያስብ ሰው አንድ ወጥመድ አለ። ብዙ ማንሻዎች አቅማቸው የሚጻፍባቸው በፓውንድ ነው። «2500» የሚል ያየ ሰው ሁለት ቶን ተኩል መስሎት ደስ ሊለው ይችላል። አንድ ፓውንድ ግን ግማሽ ኪሎ እንኳ አይሞላም፤ 2,500 ፓውንድ 1,134 ኪሎ ነው። እኛ የፈለግነው 1,140 ስለሆነ ለጥቂት ያንሳል። ቀጣዩ 3,000 ፓውንዱ፣ ማለትም 1,361 ኪሎው ነው፤ ለዚህ ጀልባ ልኩም እሱ ነው።

«ለምን አርፈን አምስት ቶን የሚያነሳ አንሠራም?» የሚል ሐሳብ ተነሥቶ ነበር። ወደፊት ጀልባው ቢያድግስ ከሚል ስጋት የመጣ ነው፤ ሰውኛ ነው፤ ግን ዋጋ አለው። ብረቱ ይወፍራል፣ መሠረቱ ይጠልቃል፣ ዊንቹም ይከብዳል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በአንድ ዓመት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ጨምሯል፤ ከውጭ የሚገባ ብረትና ካቦም ዋጋው አብሮ ነው የወጣው። ትልቁ ማንሻ ከልከኛው በ150,000 ብር ይበልጣል ብለን እናስብ። ገንዘቡ በ18 በመቶ ወለድ የተበደሩት ከሆነ በዓመት 27,000 ብር ወለድ ብቻ ይከፈልበታል። ጀልባው በዓመት 100 ቀን ቢሠራ በየቀኑ 270 ብር፣ ማንም ለማይጠቀምበት አቅም ይወጣል ማለት ነው።

ሐራ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ አቅም ምን እንደሚመስል ከማንም በላይ ታውቃለች። 390 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ የባቡር መስመር ውሉ በ2012 እ.ኤ.አ. ከቱርኩ ያፒ መርከዚ ጋር በ1.7 ቢሊዮን ዶላር ተፈርሞ፣ መደበኛ የጭነት አገልግሎት ሳይጀምር ዓመታት አልፈዋል። የቆመው መስመሩ ትልቅ ስለሆነ አይደለም፤ የኤሌክትሪክ ኃይል አለመቅረቡና የሰሜኑ ጦርነት ናቸው ያቆሙት። ዕዳው ግን መስመሩ ሥራ እስኪጀምር አይጠብቅም። በ150,000 ብሩም ላይ የሚሆነው ይኸው ነው።

ወደ ማንሻው ልመለስ። ኪሎው ተገኘ ማለት ሥራው አለቀ ማለት አይደለም። ሞተሩና ቤንዚኑ ኋላ ስለሆኑ አልጋውን የሚያንጠለጥሉት አራቱ ካቦዎች ክብደቱን እኩል አይካፈሉትም፤ የኋለኞቹ ሁለቱ ይጫናቸዋል። ከ950 ኪሎ 65 በመቶው ኋላ ቢያርፍ እያንዳንዱ የኋላ ካቦ 309 ኪሎ ይይዛል፤ የፊቶቹ 166 ብቻ። ስለዚህ ጀልባው አልጋው ላይ ወደ ፊት ሳብ ተደርጎ መቀመጥ አለበት። ካቦው የሚበጠስበት ክብደትም ከሚሸከመው ቢያንስ አምስት እጥፍ መሆን አለበት። ይህን ለማንም በርካሽ እንዳትለውጡት እለምናችኋለሁ፤ ከተንጠለጠለ ጀልባ ሥር የሚቆም ሰው አይጠፋም።

የውኃው ከፍታም አለ። ሎጎ ሐይቅ ጅረት ይገባበታል እንጂ የሚወጣበት ወንዝ የለውም፤ ስለዚህ ከፍታው ዝናቡንና ፀሐዩን ተከትሎ ይወጣል ይወርዳል። ጣና እንኳ፣ ዓባይ እየወጣለት፣ በአንድ ዓመት ውስጥ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ሊለዋወጥ ይችላል። በጥቅምት ልኩ ተወስዶ የተተከለ ማንሻ በግንቦት አልጋው ጭቃ ላይ ያርፍና ጀልባው መግቢያ ያጣል። ሐይቁ መሐሉ ላይ እጅግ ጥልቅ ቢሆን ለእኛ አይጠቅመንም፤ የሚጠቅመን የዳርቻው ጥልቀት በበጋው መጨረሻ ስንት እንደሆነ ነው። የአካባቢውን ዓሣ አጥማጅ ጠይቁ፤ ድንጋይ ጠቁሞ ያሳያችኋል።

እዚህ ላይ የራሴን አስተያየት ሳልደብቅ ልናገር። ለአንድ ጀልባ አንድ ማንሻ መትከል ለሎጎ ሐይቅ የሚያዋጣ አይመስለኝም። ባሕር ላይ ጨውና ከጀልባ ሥር የሚጣበቀው ፍጡር ጀልባን ያበላሻሉ፤ እዚያ ማንሻ ወጪውን ይመልሳል። በእኛ ሐይቆች የጀልባ ጠላት ፀሐይ፣ ዝናብና ከድንጋይ ጋር የሚያላትመው ነፋስ ነው። ለዚህ ደግሞ ዳርቻው ላይ የተሠራ ተዳፋት ኮንክሪት፣ ባለጎማ ጋሪና አንድ የእጅ ዊንች ይበቃሉ። ሦስት አራት ባለጀልባዎች ተባብረው ቢያሠሩት ወጪው ይከፋፈላል፤ ልኩም በከባዱ ጀልባ ይወሰናል። የጣና ታንኳ ባለቤቶች ጀልባን ጎትቶ ማውጣትን ከጥንት ያውቁታል። የደንገል ታንኳ ውኃ ስለሚጠጣ ከየጉዞው በኋላ ወጥቶ መድረቅ አለበት፤ ስለዚህ ባለቤቱ ጎትቶ ያወጣዋል።

ደንበኛው ግን ማንሻውን ካለ መብቱ ነው፤ ወጣቶቹም ሥራውን ማግኘት አለባቸው። እንግዲያው ቱቦላሬ ከመግዛታቸው በፊት ጀልባውን ከነሞተሩ፣ ከነቤንዚኑና ከነሙሉ ዕቃው አይሱዙ ላይ ጭነው፣ የጭነት መኪና ሚዛን ባለበት ይመዝኑት። መኪናውን ባዶውን መዝነው ያቀናንሱ። ውሉ ላይም «ስድስት ሜትር» የሚለውን ትተው የተመዘነውን ኪሎ፣ ማንሻው የሚያነሳውን ኪሎና «ዝናብ ያጠራቀመ ጀልባ አይነሳም» የሚለውን ጽፈው ደንበኛውን ያስፈርሙ። የማንሻውን ኪሎ ደግሞ ከሩቅ በሚነበብ ቀለም ቋሚው ላይ ይጻፉት።