ዱባና በሶ፦ ያለ ኦቭን የሚዘጋጅ የልጆች መክሰስ

በአካባቢያችን በጎሮ ዱባ እምብዛም ክብር የለውም። በወጥ መልክ ሲቀርብ ልጆች ቀምሰው ይተዉታል፤ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ግን እጃቸው ላይ ብስኩትና ከረሜላ አይጠፋም። በነርስነት ባገለገልኩባቸው ዓመታት እናቶችን ስለ ምግብ ስመክር ደጋግሜ የምሰማው «ሲስተር፣ ልጁ አይበላልኝማ!» የሚለውን ነበር። እውነታቸውን ነው። ልጅ በዓይኑም ይበላል።

ባሌ የገብስ አገር ነው፤ ጩኮን የማያውቅ ቤት የለም። የተቆላ ገብስ ዱቄት በተነጠረ ቅቤ ይታሻል፣ በቃ። ገብሱ አስቀድሞ ስለተቆላ ዳግመኛ እሳት አይፈልግም። እኔ ለልጅ ልጆቼ የማዘጋጀው መክሰስም የጩኮ ዘመድ ነው፤ ቅቤውን ቀንሼ ዱባ አገባበታለሁ።

ለምን ዱባ? ብርቱካንማ ቀለሙ ቤታ ካሮቲን ነው፤ ሰውነታችን ወደ ቫይታሚን ኤ ይለውጠዋል። ይህ ቫይታሚን ሲያንስ ልጅ አመሻሽ ላይ ማየት ይሳነዋል፤ ዳፍንት የምንለው ነው። ሲብስ ዓይን እስከማጥፋት ይደርሳል፤ ኩፍኝና ተቅማጥም ይበረቱበታል። ከ6 እስከ 59 ወር ላሉ ሕፃናት በየስድስት ወሩ የቫይታሚን ኤ እንክብል የሚሰጠው ለዚሁ ነው። ዱባ ስላበላችሁ ያንን እንዳታስቀሩ።

ውስጡ ደመቅ ያለ ዱባ ምረጡ። ጫፉን ቅመሱት፤ ከመረረ ጣሉት፣ መራራ ዱባ ሆድ ያውካል። አንድ ኪሎ ያህሉን ቆራርጣችሁ በጥቂት ውኃ፣ ድስቱን ከድናችሁ በእንፋሎት አብስሉት። ልጣጩን አንስታችሁ ፍጩትና ውኃው እስኪመጥ እንደገና እሳት ላይ አማስሉት። ብዙ ሰው የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው፤ ውኃ ያዘለ ዱባ በሶ ይጨርሳል እንጂ አይጨበጥም። ለብ ሲል ሁለት የሾርባ ማንኪያ ቅቤ (በጾም ዘይት) ጨምሩ፤ ቤታ ካሮቲን ያለ ስብ በደንብ ወደ ሰውነት አይገባም። ከዚያ በሶውን በጥቂት በጥቂቱ እየነሰነሳችሁ፣ እጅ ላይ መጣበቁን እስኪተው እሹት። ያልተቆላ የስንዴ ዱቄት አትተኩበት፤ ጥሬ ዱቄት ጀርም ሊኖረው ይችላል።

ፍሬውንም አትጣሉ። አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ፣ ቆልታችሁ በሙቀጫ ውቀጡና ንፉት፤ ፕሮቲንና ዚንክ አለው። ድቡልቡሉን በዱቄቱ ላይ ማንከባለል የልጆቹ ሥራ ይሁን። የኔዎቹ ያንከባለሉትን ሳይበሉ አይነሱም።

ጩኮ ለወራት ይቆያል፤ ይህ ግን ውኃ ስላለበት እንደዚያ አይደለም። ማቀዝቀዣ ካለ ሁለት ሦስት ቀን፣ ከሌለ የዕለቱን በዕለቱ ብሉት። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር አትጨምሩ፤ የሐረናም ማር ቢሆን። ከስድስት ወር በላይ ላለው ሕፃን የተፈጨው ዱባ በጥቂት ቅቤ ይበቃዋል፤ ድቡልቡሉ ሊያንቀው ይችላል።

ስኳር ያለባቸው አያቶች ሁለት ፍሬ ቢበሉ አይከፋም። «ዱባ ስኳርን ያድናል» ብሎ መድኃኒት ማቆም ግን አደገኛ ነው።

ልጃችሁ ዱባ አብዝቶ መዳፉ ቢጫ ቢመስል አትደንግጡ፤ ሲቀንስ ይለቀዋል። የዓይኑ ነጭ ቢጫ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነውና ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።