ያገለገለ የናፍጣ ፒካፕ ሊገዙ ነው? ሞተሩ ሳይሞቅ ይድረሱበት

የእርሻ ምርት ከማሳ ወደ ገበያ ለማውጣት፣ የግንባታ ዕቃ ለማመላለስ ወይም አስፋልት ባልደረሰበት ወረዳ ለመሥራት ለሚያስብ ሰው፣ በምሥራቅ አፍሪካ በአራቱም ጎማ ከሚጎትት የናፍጣ ፒካፕ የተሻለ መኪና ማግኘት ይከብዳል። አዲስ መግዛት ግን የጥቂቶች አቅም ነው። አብዛኛው ገዢ የዓመታት ቁጠባውን፣ የእቁብ ዕጣውን ወይም ከዘመድ የተበደረውን ይዞ የሚሄደው ሌላ ሰው ወደነዳው መኪና ነው።

ገበያውም እየጠበበ መጥቷል። ኢትዮጵያ እአአ በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክላለች። ኬንያ ደግሞ ከተመረተ 8 ዓመት ያለፈውን መኪና አታስገባም። ስለዚህ ዕድሜ ጠገብ ፒካፕ የሚፈልግ ሰው ምርጫው በአብዛኛው ቀድሞ አገር ውስጥ በገባው፣ ምናልባትም ሦስትና አራት ባለቤት በቀያየረው ላይ የተወሰነ ነው።

እንዲህ ያለ መኪና ሲገዛ ብዙ ሰው አስቀድሞ የሚያየው የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ነው። ቆጣሪ ግን ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላል። አሥር ዓመት በሥራ ላይ የቆየ ፒካፕ 90 ሺህ ኪሎ ሜትር ብቻ ካነበበ፣ በቀን 25 ኪሎ ሜትር እንኳ አልሄደም ማለት ነው። የፍሬንና የፍሪሲዮን መርገጫው ጎማ ተበልቶ፣ መሪው ልሞ፣ የሹፌሩ መቀመጫ ጎድጉዶ ካዩ፣ ከቁጥሩ ይልቅ እነሱን ይመኑ።

የጠዋቱ ምስክር

የናፍጣ ሞተር ነዳጁን የሚያቃጥለው አየርን በኃይል በማመቅ በሚፈጠር ሙቀት ነው። ሞተሩ ሲያረጅና እምቅታው ሲቀንስ ችግሩ ጎልቶ የሚታየው በቀዝቃዛ ጊዜ ነው፤ ሙቀት ብዙ ጉድ ይሸፍናል። ስለዚህ ቀጠሮውን በማለዳ ያድርጉት፤ ሻጩም ሞተሩን እንዳያስነሳ አስቀድመው ይንገሩት። ሲደርሱ መጀመሪያ እጅዎን ኮፈኑ ላይ ያሳርፉ። ከሞቀ፣ በትህትና ተሰናብተው በሌላ ቀን መመለስ ይሻላል።

ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት የራዲያተሩን ክዳን ከፍተው ውሃውን ይመልከቱ። በሞቀ ሞተር ላይ ይህን ማድረግ ክፉኛ ያቃጥላል፤ የማለዳው ቀጠሮ አንዱ ጥቅምም ይኸው ነው። ውሃው ላይ የዘይት ቅባት ከተንሳፈፈ፣ ወይም በዘይት መሙያው ክዳን ሥር ወተት የመሰለ አረፋ ካለ፣ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ሳይበላሽ አልቀረም። የዘይቱ መጥቆር አያስደንግጥዎ፤ የናፍጣ ሞተር ዘይት ከተቀየረ ብዙም ሳይቆይ ይጠቁራል። ይልቅ ማር የመሰለ ንጹሕ ዘይት ካገኙ ለምን ትናንት እንደተቀየረ ይጠይቁ።

አሁን ይነሳ። እርስዎ ከኋላ ቆመው ጭሱን ይዩ። በደጋ ቅዝቃዜ ለአፍታ ብልጭ ብሎ የሚጠፋ ነጣ ያለ ጭስ የተለመደ ነው። ሳያቋርጥ የሚወጣና ዓይን የሚቆጠቁጥ ነጭ ጭስ ያልተቃጠለ ናፍጣ ነው፤ ምክንያቱ የኖዝል ወይም የእምቅታ ድክመት ሊሆን ይችላል። ሰማያዊ ጭስ ሞተሩ ዘይት እየበላ መሆኑን ያሳያል። ጥቁር ጭስ አየር ማነሱን ወይም ነዳጅ መብዛቱን ይጠቁማል፤ ይሁንና ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ባላት አዲስ አበባ አየሩ ስስ በመሆኑ፣ ተርቦ የሌለው ሞተር ሽቅብ ሲወጣ በመጠኑ ቢያጠቁር ብዙ አይፈረድበትም።

ሞተሩ ትንሽ ከሠራ በኋላ የዘይት መሙያውን ክዳን ፈተው፣ ሳያጠብቁ ገልብጠው ቀዳዳው ላይ ያስቀምጡት። ቢንቀጠቀጥ ችግር የለም። ተፈናጥሮ ከወደቀና ጭስ በግፊት ከተከተለው ግን የፒስተኑ ቀለበቶች አርጅተዋል፤ ቀጣዩ ወጪ የሞተር እድሳት ነው። በእኔ እምነት ገንዘብ የማያስወጣ ከዚህ የበለጠ ምርመራ የለም።

በአካባቢያችን በብዛት የሚታየውን ቶዮታ ሃይሉክስ ለሚገዙ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። የድሮዎቹ ሦስት ኤል እና አምስት ኤል ሞተሮች ጉልበታቸው ትንሽ ቢሆንም ፖምፓቸው ሜካኒካል ነው፤ በትንሽ ከተማም የሚጠግናቸው ይገኛል። ከእነሱ በኋላ የመጡት ዲ ፎር ዲ ሞተሮች የተሻለ ይጎትታሉ፤ ነገር ግን ውሃና ቆሻሻ የተቀላቀለበት ናፍጣ ኖዝላቸውን በቶሎ ይጎዳዋል፤ መተኪያውም ውድ ነው። ከከተማ ርቆ ለሚሠራ ሰው የድሮውን እመርጥለታለሁ። የታይሚንግ ቺንጋው መቼ እንደተቀየረም ይጠይቁ፤ ማስረጃ ከሌለ እንዳልተቀየረ ቆጥረው ዋጋውን ከሒሳቡ ላይ ያስቀንሱ።

ከሥር ይግቡ

ካርቶን አንጥፈው ከመኪናው ሥር መግባት አይፈሩ። ከመጠን በላይ ሲጫንበት የኖረ ፒካፕ ሻንሲው ከጋቢናው ጀርባና ባሌስትራው በሚያዝበት ቦታ ይሰነጠቃል። አዲስ ብየዳ፣ ወይም እዚያ ቦታ ላይ ብቻ የተቀባ ጥቁር ቀለም ካዩ ይጠርጥሩ። በጅቡቲ፣ በሞምባሳና በሌሎች የባሕር ዳርቻ ከተሞች የኖረ ከሆነ ዝገቱን በመዶሻ ቀስ ብለው እየመቱ ያዳምጡ።

የፊት ካርዳኑ በቦታው መኖሩንም ያረጋግጡ፤ ተፈቶ የተሸጠበት መኪና አይጠፋም። ከዚያ ኮረት ወይም አፈር መንገድ ላይ የአራት ጎማውን ማርሽ አስገብተው መሪውን እስከ ጥግ አዙረው በዝግታ ይንዱ። መኪናው ያዝ እያደረገ ሲንገታገት ከተሰማዎ የፊት ጎማዎቹ እየጎተቱ ነው። ምንም ለውጥ ከሌለ ማርሹ ስም ብቻ ነው። ይህን በደረቅ አስፋልት ላይ አይሞክሩት፤ ጥርሶቹን ይጎዳል።

የሻንሲውንና የሞተሩን ቁጥር ከሊብሬው ጋር በራስዎ ዓይን ያመሳክሩ። የሃይሉክስ የሻንሲ ቁጥር በአብዛኛው በቀኝ በኩል ከፊት ጎማው አጠገብ ብረቱ ላይ ተመቷል። የባንክ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት፣ ከቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነም ቀረጡ መከፈሉን ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት ያጣሩ።

በመጨረሻ ግማሽ ሰዓት ያህል ነድተው ያጥፉት፤ ጥቂት ቆይተው መልሰው ያስነሱት። ያረጀ ፖምፓ ጠዋት ደህና ነስቶ ሲሞቅ እምቢ የሚልበት ጊዜ አለ። ሻጩ ባትሪው ደክሞ ነው ሊልዎ ይችላል። ባትሪ ሲደክም ግን ሞተሪኖው ሞተሩን የሚያዞረው በዝግታ ነው፤ በፍጥነት እያዞረው ካልተነሳ ባትሪው ጥፋት የለበትም።