ዩኒቨርሲቲ ለሚገቡ ተማሪዎችና ለወላጆቻቸው፦ ስለ ወጪ መጋራት

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ምደባ የደረሰው ተማሪ የትምህርቱን፣ የምግቡንና የመኝታውን ወጪ በመግቢያው ዕለት እንዲከፍል አይገደድም። ስለሆነም በንፋስ መውጫና በዙሪያዋ የሚኖሩ ወላጆች ለዚህ ሲሉ የእርሻ በሬያቸውን መሸጥ አይኖርባቸውም። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የወጪ መጋራት ሥርዓት ተማሪው ተመርቆ ገቢ ሲያገኝ እንዲከፍል ይፈቅዳል። ድርሻው የምግብና የመኝታ ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱም ቢያንስ 15 በመቶ ነው።

ውሉ በየዓመቱ ይፈረማል። ተማሪው በካፌ ለመመገብ ወይም የምግቡን በገንዘብ ለመቀበል የሚመርጠውም ያኔ ስለሆነ ሳያነቡ መፈረም አይገባም፤ ቅጂውንም መያዝ ይበጃል። ዕዳው ተከፍሎ እስኪያልቅ ዋናው ዲግሪ ሊያዝ ይችላል፤ ብዙዎች ይህን የሚረዱት ዘግይተው ነው።

ምደባው ደብረ ታቦር ብቻ ሳይሆን ሰመራ ወይም ጅግጅጋም ሊሆን ስለሚችል የመጓጓዣው ገንዘብ ግን የቤተሰብ ድርሻ ነው። በአብዛኞቹ ጥሪዎች የ8ኛና የ12ኛ ክፍል ሰርተፊኬት ዋናውና ቅጂው፣ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ አንሶላ፣ የትራስ ልብስና ብርድ ልብስ ይጠየቃሉ። ወደ ቆላ የተመደበ የጋይንት ልጅ ወፍራሙን ጋቢ እቤት ቢተወው አይጎዳም። የመግቢያው ቀን በየዩኒቨርሲቲው ስለሚለያይ ተማሪው ከመነሳቱ በፊት የተመደበበትን ተቋም ማስታወቂያ መመልከት ይኖርበታል።