ቀድሞ የደረሰ ማመልከቻ

በአሜሪካ የሚኖሩ ሙስሊም ወላጆች ልጃቸው አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሲደርስ «ኮሌጅ ይቀበሉት ይሆን?» እያሉ ይጨነቃሉ። «መቼ ያመልክት?» የሚለው ጥያቄ ግን እምብዛም አይነሳም። በአገራችን የለመድነው ተማሪው ብሔራዊ ፈተና ወስዶ በውጤቱ ሲመደብ ነውና ይህ አያስገርምም።

በአሜሪካ እንደ ሃርቫርድ ያሉ ኮሌጆች በመደበኛው ዙር የመጨረሻ ቀን ቆርጠው ማመልከቻውን ሰብስበው ያወዳድራሉ። እንደ ፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ ያሉት ግን «ሮሊንግ አድሚሽን» በሚባለው አሠራር ማመልከቻ በደረሰ ቁጥር እያዩ ብዙ ጊዜ በሳምንታት ውስጥ መልስ ይሰጣሉ፤ ቦታው እስኪሞላ ድረስ። ነገሩ የአውቶቡስ ተራን ይመስላል። በመስከረም የመጣ መቀመጫ ይመርጣል፤ በመጋቢት የመጣው የተረፈውን ያገኛል። እንደ ነርሲንግ ያሉ ተፈላጊ የትምህርት ክፍሎች ደግሞ ከሌላው ቀድመው ሊሞሉ ይችላሉ። እርግጥ ነው፣ መቅደም ደካማ ውጤትን አያቃናም።

ዋናው ችግር ገንዘቡ ላይ ነው። የቅበላው በር ክፍት ሆኖ ሳለ ኮሌጁ ለነፃ ትምህርት የመደበው ገንዘብ ሊያልቅ ይችላል፤ ብዙዎቹም ለዚህ የራሱ የሆነ ቀደም ያለ ቀን አላቸው። ፋፍሳ የሚባለው የመንግሥት የእርዳታ ቅጽ አብዛኛውን ጊዜ ኦክቶበር 1 ይከፈታል። ዜጎች ብቻ ሳይሆኑ ግሪን ካርድ ያላቸውና ስደተኝነታቸው የጸደቀላቸውም ይሞሉታል። በእርሱ የሚገኘው ፔል ግራንት የማይመለስ እርዳታ ሲሆን ለ2025–26 የትምህርት ዘመን ጣሪያው 7,395 ዶላር ነው፤ ቅጹ በጊዜ ገደቡ ውስጥ እስከገባ ድረስ የዘገየም አያጣውም። በግቢ ውስጥ እየሠሩ የሚከፈለው ገንዘብና የኮሌጁ የራሱ ስጦታ ግን ውሱን ናቸው።

ታዲያ ጉድለቱ በምን ይሞላል? ብዙ ጊዜ የሚቀርበው በወለድ የሚከፈል ብድር ነው። ከሪባ መራቅ ለሚሻ ቤተሰብ የጥቂት ወራት መዘግየት እዚህ ላይ ያደርሰዋል።

አንዳንድ አባቶች «ቀድሞ ከተቀበሉት ይታሰራል» ብለው ይፈራሉ። በሮሊንግ አድሚሽን የተቀበሉት ተማሪ አይታሰርም፤ የሌሎቹን መልስና የእርዳታውን መጠን አነጻጽሮ፣ በተለመደው አሠራር እስከ ሜይ 1 ይወስናል።

ስለዚህ ድርሰቱ በክረምቱ ዕረፍት ይጻፍ። የውጤት ማስረጃ የሚልከው የትምህርት ቤቱ አማካሪ ብዙ ተማሪ ስላለበት፣ ትምህርት በተከፈተ በመጀመሪያው ሳምንት ልጁ ራሱ ቢሮው ሄዶ ይጠይቀው።