«ተሽሎኛል» እና «ድኛለሁ» አንድ ናቸው እንዴ?

እንግሊዝኛ ፈተና ላይ ኢምፕሩቭ፣ ኢንሃንስ፣ ሪፔር፣ ትሪት፣ ኪዩር ተደርድረው «ትክክለኛውን ምረጡ» ሲባል ግራ ያልተጋባ ማን አለ? ሁሉም አንድን ነገር የተሻለ ስለማድረግ ነው የሚያወሩት። ግን አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም።

እስቲ በሸክላ ሥራና በሽመና ወደምትታወቀው ቀጨኔ ጎራ እንበል። ሸክላ ሠሪዋ ዘንድሮ የምትሠራው ጀበና ከአምናው የተሻለ ከሆነ ሥራዋን «ኢምፕሩቭ» አድርጋለች። የአምናው የግድ መጥፎ መሆን የለበትም። ነጠላው ራሱ ጥሩ ሆኖ ጥለቱ ይበልጥ ሲያደምቀው «ኢንሃንስ» ይባላል። የሸማኔው መወርወሪያ ተሰብሮ ሲጠገን ደግሞ «ሪፔር» ነው። ሪፔር ለተበላሸ ዕቃ እንጂ ለታመመ ሰው አይሆንም።

ለታመመ ሰው «ትሪት» እና «ኪዩር» አሉ። ትሪት ማከም ነው፤ ሕክምናው ምን ውጤት እንዳመጣ አይነግረንም። ኪዩር ግን በሽታውን ጨርሶ ማጥፋት ነው። ለፈተና እንዲጠቅማችሁ፣ ከበሽታው ስም በፊት ትሪት «ፎር»ን፣ ኪዩር ደግሞ «ኦፍ»ን ያስከትላል።

አሁን ከማርክ በላይ ወደሆነው ጉዳይ እንምጣ። ቲቢ መድኃኒቱ በትክክል ተወስዶ ሲያልቅ ኪዩር ይሆናል። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ግን ትሪት ያደርጋል እንጂ ኪዩር አያደርግም። በአገራችን በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም ነው። በየቀኑ ሲወሰድ የቫይረሱን መጠን በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ይቀንሳል፤ ጤናንም ኢምፕሩቭ ያደርጋል። መጠኑ እንዲህ ዝቅ ብሎ ከቆየ ቫይረሱ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ወደ ሌላ ሰው አይተላለፍም።

ታዲያ ስህተቱ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። አንድ ወጣት «አልታየም» የሚለውን ውጤት ሰምቶ፣ «እኔ እኮ ድኛለሁ፤ መድኃኒቱ ከዚህ በኋላ ምን ያደርግልኛል?» ብሎ ያቆማል እንበል። ቫይረሱ ግን ከሰውነቱ አልወጣም፤ ተደብቆ ነው ያለው። መድኃኒቱ ሲቋረጥ እንደገና ይራባል፤ ወጣቱም ሊታመም፣ ለሌላውም ሊያስተላልፍ ይችላል።

ደግነቱ ልዩነቱን ለማስታወስ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ በራሳችን ቋንቋም አለ። «ታከመ» ትሪት ነው፤ «ተሻለው» ኢምፕሩቭ ነው፤ «ዳነ» ኪዩር ነው። ስለዚህ መድኃኒት የሚወስድ ጓደኛ ካላችሁ «እንኳን ተሻለህ፣ እንኳን ተሻለሽ» በሉ። «ድነሃል፣ ተወው» ግን እንዳትሉ!