ስኳር ያለበትን የቤተሰብ አባል በምን እንርዳው?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

አንድ ሰው የስኳር በሽታ እንዳለበት ከሐኪም አፍ ሲሰማ በዚያው ቀን ብዙ ነገር ይለወጥበታል። እስከ ትናንት ያለ ሐሳብ ይቀርበው የነበረው ማዕድ፣ የማለዳው ሻይ፣ የዒዱ ጣፋጭ፣ የሠርጉ ሩዝ ሁሉ ጥያቄ ይሆንበታል። ክኒኑን ከፋርማሲ ይገዛል፤ ክኒኑን በየዕለቱ የሚውጥበትን ጽናት ግን ፋርማሲ አይሸጥለትም። ይህን የሚያገኘው በመጀመሪያ ከአላህ (ሱ.ወ.)፣ ቀጥሎም አላህ ሰበብ ካደረገለት ቤተሰቡ ነው።

የቤት በሽታ

ዓይነት ሁለት የሚባለው የስኳር በሽታ የሚመጣው ሰውነት ከቆሽት የሚመነጨውን ኢንሱሊን በአግባቡ መጠቀም ሲያቅተውና እያደርም ኢንሱሊኑ ሲያንሰው ነው። በደም ውስጥ ያለው ስኳር ከፍ ብሎ ለዓመታት ከቆየ ዓይንን፣ ኩላሊትን፣ ልብንና የእግርን ነርቮች ይጎዳል። ሕክምናው ምግብን መመጠን፣ በእግር መሄድ፣ መድኃኒትን በሰዓቱ መውሰድና ደምን መለካት ነው። ሐኪሙ ሕመምተኛውን የሚያየው በቀጠሮ ቀን ለጥቂት ደቂቃዎች ነው። የቀረው ሁሉ የሚፈጸመው እቤት ነው። ስለዚህ በሽታው የአንድ ሰው ቢሆንም ሕክምናው የቤተሰብ ነው ማለት ይቻላል።

የማይታየው ሸክም

ወባ ታክሞ ይድናል፤ ስኳር ግን የዕድሜ ልክ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ሕመምተኛው የሚችለውን ሁሉ አድርጎ ልኬቱ ከፍ ሲልበት ተስፋ ይቆርጣል። እ.ኤ.አ. በ1995 ዊልያም ፖሎንስኪ የተባሉ የሥነ ልቦና ባለሙያና ባልደረቦቻቸው ይህንን ከበሽታው ጋር የሚመጣ መሰላቸትና ጭንቀት የሚለካ መጠይቅ አቅርበዋል። የተለያዩ ጥናቶች እንዳሳዩትም ድብርት የስኳር ሕመምተኞችን ከሌላው ሰው በእጥፍ ገደማ ያጠቃል። የተደበረ ሰው ደግሞ መድኃኒቱን ይዘላል፤ ቀጠሮውን ያሳልፋል፤ ስኳሩም ይጨምራል።

በአንዳንድ ቤቶች እንዲህ ያለውን ሰው «ኢማንህ ቢጠነክር ኖሮ አትጨነቅም ነበር» ይሉታል። ይህ አባባል በሕመም ላይ ሕመም መጨመር ነው። ነቢዩ ያዕቁብ (ዐ.ሰ.) በልጃቸው ዩሱፍ ሐዘን ዓይናቸው እስኪነጣ ድረስ መተከዛቸውን ቁርኣን ይነግረናል። ነቢያችን ሙሐመድም (ሰ.ዐ.ወ.) ልጃቸው ኢብራሂም ሲሞት አልቅሰዋል። ሐዘን የልብ ነው፤ ሶብር ደግሞ ሐዘን አለመሰማት ማለት አይደለም።

ዘበኛ ወይስ አጋዥ?

ብዙ ቤተሰብ ሕመምተኛውን የሚረዳ እየመሰለው ይጠብቀዋል። አባት እጁን ወደ ሳምቡሳው ሲዘረጋ ልጆቹ በእንግዳ ፊት «አባባ፣ ሐኪሙ ከልክሎዎት የለም እንዴ!» ይላሉ። አባት ያፍራሉ። በሌላ ቀን ሰው በሌለበት ተደብቀው ይበላሉ፤ ሲጠየቁም ይክዳሉ። ቁጣና ማሳፈር ደምን አያስተካክሉም፤ እውነቱን እንዲደበቅ ያደርጋሉ እንጂ።

አጋዥ ቤተሰብ ግን ማዕዱን ለሁሉም ይለውጣል። ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ ያልተላጠ እህል ለጤነኛውም ይበጃል። ለአባት ብቻ ተለይቶ የሚቀርብ ሳህን ካለ ግን በየምሳው ሕመማቸውን ያስታውሳቸዋል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሆድን ለምግብ፣ ለውኃና ለትንፋሽ እንድናካፍል ማስተማራቸው ለበሽተኛ ብቻ የተነገረ አይደለም። ልጆችም «ሂዱ በእግር ተጓዙ» ከማለት «አባባ፣ ዛሬ ለዐስር መስጂድ አብረን በእግር እንሂድ» ቢሉ የበለጠ ይሰማሉ። ልኬቱ ከፍ ሲል «ምን በሉ?» ብሎ ከመመርመር «ምን እናግዝዎት?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

እናት ስትታመም ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ለሁሉም አብስላ የራሷን የምትረሳው እሷ ናትና ባልና ልጆች ሥራዋን ሊካፈሏት ይገባል። ከናንተ በላጩ ለቤተሰቡ በላጭ የሆነው ነው የሚለው የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ትምህርት እዚህ ላይ ይፈተናል።

ረመዷን ሲመጣ

ድጋፉ ይበልጥ የሚያስፈልገው በረመዷን ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በ13 አገሮች ከ12,000 በሚበልጡ ሙስሊም የስኳር ሕመምተኞች ላይ የተካሄደ ጥናት፣ ዓይነት ሁለት ካለባቸው ከመቶ 79 ያህሉ በወሩ ቢያንስ 15 ቀን እንደጾሙ አሳይቷል። በዚያ ወር ሆስፒታል የሚያስገባ የስኳር መውረድ በእነዚህ ሰዎች ላይ ከ7 እጥፍ በላይ ጨምሮ ተገኝቷል።

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል በቀራ ለሕመምተኛ ፈቃድ ሰጥቷል። ነገር ግን ብዙ አባቶችና እናቶች «ሰው ምን ይለኛል» ብለው ፈቃዱን አይቀበሉም። ስለዚህ ረመዷን ከመግባቱ ከ6 እስከ 8 ሳምንት አስቀድሞ ከቤተሰቡ አንድ ሰው አብሯቸው ሐኪም ዘንድ ይሂድ። ሐኪሙ መጾም ይችላሉ ካለ የመድኃኒቱ መጠንና ሰዓት ይስተካከላል። አይችሉም ካለ ስለ ቀዷእና ስለ ፊድያ ዓሊም ይጠየቅ። በጾም ላይ ሳሉ ስኳራቸው ከ70 በታች ቢወርድ ወይም ከ300 በላይ ቢወጣ ጾሙን መፍታት እንዳለባቸው ሐኪሞች ይመክራሉ። ጣትን ወግቶ ደም መለካት ጾምን እንደማያፈርስ የዘመናችን ዑለማዎች ገልጸዋል። መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ የልብ መምታትና ግራ መጋባት የስኳር መውረድ ምልክቶች መሆናቸውን ልጆችም ሊያውቁ ይገባል። ጾም የፈቱትን እናት ወይም አባት በሐፍረት ጓዳ ገብተው እንዲበሉ አንተዋቸው፤ የአላህን ፈቃድ የተቀበለ ሰው ጥፋት የለበትምና።

ተጨማሪ እርዳታ መቼ?

ሐዘኑ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ እንቅልፍና ምግብ ከተዛባ፣ ሕመምተኛው ከሰው ከሸሸ ወይም መኖር ከሰለቸው ሳይዘገይ ወደ ሐኪም መውሰድ ያስፈልጋል። ጥቁር አዝሙድ፣ ማርና ሩቃ መድኃኒት ለማቆም ምክንያት መሆን የለባቸውም፤ ማር ራሱ ስኳርን ይጨምራል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ስለ መታከም ሲጠየቁ ታከሙ ብለዋል፤ አላህ ለበሽታ መድኃኒት ማውረዱንም ነግረውናል።

ውድ አንባቢያን፣ የታመመ ጎረቤትን መጠየቅ ትልቅ አጅር ካለው፣ በአንድ ጣሪያ ሥር ያለውን ሕመምተኛ በየቀኑ በመልካም ቃል መጠየቅማ እንዴት ያለ አጅር ይኖረው! አላህ (ሱ.ወ.) ሕሙማኖቻችንን ሽፋእ ይስጣቸው፤ እኛንም አማናችንን ከሚጠብቁት ያድርገን። አሚን።